ደመወዝ ሌላ ነው፤ ጉርሻም ሌላ ነው

የሰው ልጅ በሚሠራው ሥራ ሁሉ ለድካሙ ዋጋ ማግኘት የሚገባው መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ክርክር የሚነሣው ዋጋው ስንት ይሁን፥ ማንስ ይክፈለው በሚለው ነው። ይህም ክርክር ከሥራ ሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በምግብ ቤት ሥራ ላይ ነው። በሌላው ሥራ ለሠራተኛው የሚከፍለው አሠሪው ብቻ ሲሆን፥ በምግብ ቤት ግን ሁለት ከፋዮች አሉ፤ አንደኛው የቤቱ ጌታ ነው፥ ሁለተኛውም በልቶ ሲነሣ ጥቂት ገንዘብ በገበታው ላይ ትቶ የሚሄደው እንግዳ ነው። ሁለት ከፋይ ባለበት ቤት ደግሞ አንዱ በሌላው ማመካኘቱ አይቀርም። ስለዚህ የምግብ ቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ተወስኖ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል፥ በሌላ አገር የተፈተነውን ከራሳችን አገር ኑሮ ጋራ እያነጻጸርን ልንመረምር አስበናል።

በቋንቋችን እንግዳው ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብ ጉርሻ ይባላል። ቃሉ መልካም ቃል ነው። ሰው በገበታ ተቀምጦ ወዳጁን በእጁ ሲያጐርሰው ፍቅሩን ይገልጽለታል እንጂ ዕዳውን አይከፍለውም። ጉርሻ የደረሰው ሰው ያመሰግናል፤ ያልደረሰውም ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ አይከስም። ደመወዝ ግን ውል ነው፤ ውልም ዕዳ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት የቀን ሠራተኛው ዋጋ በአሠሪው እጅ እንዳያድር ማዘዛቸው፥ ድኻው ነፍሱን በዚያ ላይ ጥሎ ስለሚውል ነው። እንግዲህ የፍቅርን ስጦታ በዕዳ ቦታ አስቀምጦ ሠራተኛውን ከእንግዳ ቸርነት ላይ ጥሎ መተው፥ ስጦታውንም ማርከስ ነው፤ ዕዳውንም መካድ ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ማስተዋል ይገባል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። መንገደኛ የመሸበት እንደ ሆነ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ ገብቶ በልቶ ያድር ነበር። በመኳንንት ግብር ላይ የሚያገለግሉት አሳላፊዎችና ወጥ ቤቶችም ከጌታቸው ማዕድ ይበሉ ነበር፤ በጌታቸው ቤት ይኖሩ ነበር፤ ልብሳቸውንም ከጌታቸው ይቀበሉ ነበር። ከተማ ከሰፋ በኋላ ግን ምግብ ንግድ ሆነ። ምግብ ቤቱ የንግድ ፈቃድ አወጣ፤ ግብር ከፈለ፤ የሚሸጠውንም ሁሉ በዋጋ ዝርዝር ጻፈ። እንጀራው በዋጋ ተጻፈ፤ ወጡ በዋጋ ተጻፈ፤ ውሃው እንኳ በዋጋ ተጻፈ። የአሳላፊው ድካም ብቻ በብዙ ቤት ዋጋው ሳይጻፍ እንደ ጥንቱ ግብር ቤት ቀረ።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ነገር ላይ ፈጽሞ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 መንግሥትና ሠራተኞች ከሚመለከታቸው ከሌሎች ወገኖች ጋራ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም፥ ቦርዱም የአገሩን የሀብት እድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲወስን አመልክቷል። ከዚህም በቀር አዋጁ ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ እንደማይቈጠር ይናገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ ራሱ ደመወዝን ከእንግዳው እጅ ከሚመጣው ገንዘብ ለይቶታልና። ነገር ግን አዋጁ ከወጣ በኋላ ዓመታት ተቈጠሩ፤ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው በብር ቍጥር የተጻፈ ወለል ሳይወሰን ቈየ። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፥ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲያደርግ፥ ከመሥሪያ ቤቱ በር ማዶ ባለው ምግብ ቤት ቡና የምታቀርበው ልጅ ግን ከአሠሪዋ ጋራ እንደ ተስማማች ብቻ ትኖራለች። ለእርስዋ የቦርዱ ነገር ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ነው።

ወለሉ ይወሰን በተባለ ጊዜ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። የምግብ ቤት ጌቶች እንዲህ ይላሉ፤ ጤፍ ተወዷል፥ ዘይትና ከሰል ተወዷል፥ የቤት ኪራይ ተወዷል፤ ደመወዝ በሕግ ቢጨመርብን ወይ ዋጋ እንጨምራለን፥ ወይ ሰው እንቀንሳለን፥ ወይ በራችንን እንዘጋለን። የሠራተኛ ወገን የሆኑትም ይህ ሁሉ ማስፈራሪያ ነው፥ ጌቶቹ ከትርፋቸው ይክፈሉ ይላሉ። የሁለቱም ንግግር ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉም ከፍርሃትና ከምኞት የመጣ ነው። እውነቱን ከፍርሃቱ ለመለየት ሥራው ወደ ተፈተነበት አገር መመልከት ያስፈልጋል። የምግብ ቤት ደመወዝ እንደ አሜሪካ የተመረመረበት አገር ስለሌለ ምሳሌያችንን ከዚያ እናመጣለን። በሚከተለው የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜ በ1938 ሲወጣ ልኩ በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር፤ የምግብ ቤት ሠራተኞች ግን በጠቅላላው ከሕጉ ውጭ ተደርገው ቀሩ። በ1966 ሕጉ ተሻሽሎ ወደ ምግብ ቤትና ወደ ሆቴል ሲደርስ፥ ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ ጉርሻው ከደመወዙ እንዲታሰብለት ተፈቀደ። ከ1991 ጀምሮ አሠሪው ለእንደዚህ ያለ ሠራተኛ ከኪሱ እንዲከፍል የአገሩ ጠቅላላ ሕግ የሚያስገድደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሆነ፤ ለሌላው ሠራተኛ ሁሉ የተወሰነው ልክ በ2009 ወደ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲደርስ እንኳ ይህ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጉርሻው ያልሞላ እንደ ሆነ አሠሪው ይሙላ የሚል ቃል በሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሠራተኛው የጐደለበትን ገንዘብ ከዚያው ከአሠሪው ለመጠየቅ የሚደፍረው ስንት ጊዜ ነው? ካሊፎርኒያንና ኦሬጎንን ጨምሮ ሰባት ግዛቶች ግን ይህን መንገድ ትተው፥ አሠሪው ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ይክፈል፥ ጉርሻም በላዩ ይሁን ብለው ወሰኑ። በእነዚህም ግዛቶች ምግብ ቤት አልጠፋም።

ስለ ሥራ መቀነስ የተደረገው ስመ ጥር ምርመራ የኒው ጀርሲ ነው። በ1992 በአፕሪል ወር የኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ወደ 5 ዶላር ከ5 ሳንቲም ከፍ ሲያደርግ፥ ጎረቤቱ ፔንሲልቬንያ በቀድሞው ልክ ጸንቶ ቀረ። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን ሕጉ ከመጽናቱ በፊት አንድ ጊዜ፥ ከጸናም በኋላ አንድ ጊዜ ጠየቁ። በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ደመወዝ በጨመረበት በኩል የሠራተኛ ቍጥር ከጎረቤቱ ይልቅ አለመቀነሱን ገለጹ፤ የምግቡ ዋጋ ግን በኒው ጀርሲ ጥቂት ከፍ ማለቱን አሳዩ። ዴቪድ ኒውማርክና ዊልያም ዋሸር የተባሉ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ የደመወዝ መዝገብ አሰባስበው ይህን ተቃወሙ፤ ክርክሩም ብዙ ዓመት ቈየ። ካርድ በ2021 ከኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል፤ ክሩገር ግን ከዚያ በፊት በ2019 ዐርፏል። እኛ ከዚህ የምንማረው ልኩን የጠበቀ ጭማሪ ምግብ ቤቱን ሁሉ ያዘጋል የሚለው ፍርሃት በዚያ አለመፈጸሙን ነው። ከዚህም በላይ የምንማረው ሕጉ ከመጽናቱ በፊት መቍጠር የሚጠቅም መሆኑን ነው።

ነገር ግን በጎውን ብቻ ተናግረን ጕዳቱን ብንሸሽግ አንባቢን ማታለል ይሆናል። የሲያትል ከተማ በ2014 ዝቅተኛውን ደመወዝ ቀስ በቀስ ወደ 15 ዶላር ለማድረስ ወሰነች። በ2017 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ልኩ በ2016 ወደ 13 ዶላር ሲወጣ፥ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች የሰዓት ዋጋ ሲጨምር የሥራ ሰዓታቸው ግን መቀነሱን ጻፉ። በዚያው ዓመት የበርክሌይ መርማሪዎች የዚያችን ከተማ ምግብ ቤቶች ለይተው ተመልክተው የሥራ መጥፋት አላየንም አሉ። በኋላም የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ነገሩን በጥልቅ ሲያዩት፥ ሥራውን የለመዱት ሠራተኞች መጠቀማቸውን፥ አዲስ ሠራተኛ የሚገባበት በር ግን መጥበቡን ገለጹ። ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በአገራችን ምግብ ቤት ከገጠር ለመጣ ወጣት የመጀመሪያው የከተማ ሥራ በር ነውና። ከውስጥ ላለው ሰው ወንበሩን ስናደላድል፥ ከውጭ ቆሞ የሚያንኳኳውን እንዳንረሳ ያስፈልጋል።

ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2024 ከአፕሪል ወር ጀምሮ በአገሩ ሁሉ 60 ወይም ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ላላቸው ፈጣን ምግብ ቤቶች ልኩን ከ16 ዶላር ወደ 20 ዶላር በአንድ ጊዜ አወጣችው፤ ይኸውም የሩብ ጭማሪ ነው። የበርክሌይ መርማሪዎች በዚያው ዓመት የምግቡ ዋጋ 3.7 በመቶ ያህል፥ ማለት በአንድ የ4 ዶላር ሀምበርገር ላይ 15 ሳንቲም ያህል ጨመረ፥ ሥራ ግን አልጠፋም ሲሉ፥ በ2025 የወጣ የሌሎች ሊቃውንት ጥናት ወደ 18 ሺህ የሚሆን ሥራ እንደ ታጣ ገመተ። ሊቃውንቱ ባይስማሙም ሁለት ነገር ከክርክራቸው ይገኛል። አንደኛው፥ የጭማሪው ከፊል በበላተኛው ዋጋ ላይ እንደሚወድቅ ነው፤ ሁለተኛውም፥ ጭማሪው በአንድ ጊዜ በበዛ መጠን ነገሩ ይበልጥ እንደሚያጠራጥር ነው።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ ግን የዋሽንግተን ከተማ ነው፤ በዚያ በዩ ጎዳናና በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ከፍተው፥ እንጀራን ለባዕድ አስለምደው፥ ለብዙ ወገን የሥራ በር ሆነዋልና። የዚያች ከተማ ሕዝብ በ2022 በድምፁ ጉርሻን ከደመወዝ የሚያሳስበው ሥርዓት በ2027 እንዲቀር ወሰነ። በዚያን ጊዜ 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም የነበረው የአስተናጋጅ ደመወዝ በ2023 ወደ 6 ከዚያም ወደ 8፥ በ2024 ወደ 10 ዶላር ወጣ። ብዙ ምግብ ቤቶችም በሒሳቡ ግርጌ የአገልግሎት ክፍያ የሚል ጨመሩ፤ ከእርሱም እስከ 20 በመቶ የደረሰ ነበረ። እንግዳውም ይህ ገንዘብ ለማን ነው፥ ጉርሻ ነው ወይስ የቤቱ ጌታ ገቢ ነው ብሎ ጠየቀ። አንዳንዱ አስተናጋጅ ደመወዜ ጨመረ ብሎ ሲደሰት፥ ሌላው ጉርሻዬ ቀረብኝ ብሎ አዘነ። በመጨረሻም የከተማው ምክር ቤት በ2025 ነገሩን መልሶ አይቶ፥ ልኩ ለአንድ ዓመት በ10 ዶላር እንዲቈይ፥ ከዚያም እስከ 2034 ድረስ በዝግታ ከሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 75 በመቶ እንዲደርስ አደረገ። ሕዝብ የወሰነው ነገር እንዲህ የተመለሰው ሐሳቡ ክፉ ስለ ሆነ አይመስለንም፤ ጉርሻና ደመወዝ ብዙ ዘመን ከተቀላቀሉ በኋላ መለየቱ ከባድ ስለ ሆነ ነው። እኛ ግን ሕጋችን አስቀድሞ ስለ ለያቸው፥ እነርሱ በብዙ ድካም የሚፈልጉትን መነሻ በእጃችን ይዘናል። ይህን መነሻ እንዳናጠፋው መጠንቀቅ ነው።

እንግዲህ ጭማሪውን የሚከፍለው ማን ነው? አራት ኪሶች አሉ። የመጀመሪያው የበላተኛው ኪስ ነው። ለምሳሌ አንድ ቤት ከሚሸጠው ከ100 ብር 20 ብሩን ለደመወዝ የሚያወጣ ቢሆን፥ ደመወዙ በሩብ ቢጨምር የሚፈለገው 5 ብር ብቻ ነው። ሁለተኛው የቤቱ ጌታ ትርፍ ነው። ሦስተኛው የሠራተኛው ራሱ ሰዓትና ቦታ ነው፤ ይኸውም ሰው ሲቀነስ ነው። አራተኛውም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ እርሱም ብክነት ነው። ደመወዙ የማያኖረው ሠራተኛ በየወሩ ቤት ይለዋውጣል፤ አዲስ የመጣውም እስኪለምድ ድረስ ሰሐን ይሰብራል፥ ወጥ ያሳርራል፥ እንግዳ ያስቀይማል። የረጋ ሠራተኛ ያለው ቤት ይህን ሁሉ ያተርፋል። የሕግ ሰጪው ብልኃት ሸክሙ በሦስተኛው ኪስ ላይ እንዳይወድቅ፥ በሌሎቹ ላይ እንዲከፋፈል ማድረግ ነው። ወለሉ ለሁሉ ቤት እኩል የሆነ እንደ ሆነም፥ ለሠራተኛው በደኅና የሚከፍለው ነጋዴ በሚቈነጥረው ጎረቤቱ ርካሽ ዋጋ አይሸነፍም። ለደግ አሠሪ ከዚህ የሚበልጥ ረዳት የለውም።

ሆኖም የአሜሪካን ሕግ እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው ለእኛ ቤት አይሆንም። የአገራችን ምግብ ቤት የራሱ ጠባይ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ብዙው ይዘጋል፤ ቈራጩና ጠባሹም እስከ ፋሲካ ያለ ደመወዝ ይቀመጣል። ጾሙ ለነፍስ የታዘዘ ነው እንጂ ድኻ እንዲራብበት የታዘዘ አይደለም። የወር ደመወዝ ሲወሰን በጾም ወራት ሠራተኛው ምን ያህል ክፍያ እንዲያገኝ፥ ወይም ቤቱ ወደ ጾም ምግብ ተመልሶ ሰውን እንዴት እንዲይዝ አብሮ ካልታሰበ፥ ወለሉ ከዓመቱ ሁለት ወር ያህል የሌለ ይሆናል። ደግሞም ብዙ ወጥ ሠሪ፥ ብዙ እንጀራ ጋጋሪ፥ ብዙ ዕቃ አጣቢ ከሚሠራበት ቤት ይበላል፥ በዚያውም ያድራል። አሠሪው አበላሻለሁ፥ አሳድርሻለሁ እያለ ከደመወዟ ያወርድባታል። አዋጁ በዓይነት የሚከፈለው በገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ 30 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል፤ ነገር ግን የገንዘቡ ወለል ካልታወቀ የ30 በመቶው መለኪያ በምን ላይ ይቆማል?

ስለዚህ በእኛ አሳብ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። የደመወዙ ወለል ይወሰን፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ሳይሆን በደረጃ ይሁን፥ ደረጃውም ከዓመት በፊት ለነጋዴው ይነገረው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለሰነፍ ምክንያት አይሁን፤ የመጀመሪያው ደረጃ ቀን ይቈረጥለት። ባልና ሚስት ሆነው በሁለትና በሦስት ሠራተኛ የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣቸው እንጂ ፈጽመው ነጻ አይውጡ፤ ትልቁ ቤት በትንንሽ ስም ተከፋፍሎ እንዳይሸሸግ። ጉርሻ ከደመወዝ አይታሰብ፤ ቤቱ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምርም ቢሆን ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ በሒሳቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወጥ ቤት ሆና ከእንግዳ ፊት የማትቀርበው ሠራተኛ ጉርሻ እንደማታገኝ ይታወስ፤ ለእርስዋ ወለሉ ሁሉ ነገሯ ነው። ከሁሉም አስቀድሞ፥ ሕጉ ከመጽናቱ በፊት በከተሞቻችን ያሉ ምግብ ቤቶች ሠራተኛና ደመወዝ ይቈጠር፤ ከዓመት በኋላም እንደገና ይቈጠር። ያን ጊዜ ክርክራችን በፍርሃትና በምኞት ሳይሆን በቍጥር ይሆናል፤ ስሕተትም ቢገኝ ለማቃናት ይቻላል።

ይህን ስንል ማንም አይጎዳም ማለታችን አይደለም። አንዳንድ ቤት ይዘጋ ይሆናል፤ አንዳንድ በላተኛም በዋጋው ያጉረመርም ይሆናል። ነገር ግን ዛሬም ጕዳት አለ፤ የሚጎዳው ድምፅ የሌለው ስለ ሆነ ብቻ አይሰማም። በላተኛው ለሠራተኛው ድካም የሚከፍለው ጥቂት ብር በምግቡ ዋጋ ውስጥ ቢገባ፥ ሰው የበላውን ሙሉ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው እንጂ ተበደለ አይባልም።

ሹማምንት ሆይ፥ ሊቃውንትም ሆይ፥ ሁላችሁም በምግብ ቤት ገበታ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። የተስተናገዳችሁበት ትሕትና ደስ ያሰኛችሁ እንደ ሆነ ጉርሻችሁን ስጡ፤ እርሱ የፍቅር ነው፥ ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን ያ ጉርሻ ለልጅዋ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ ለቤት ኪራይዋም መተማመኛ እንዳይሆን፥ የሥልጣን ብዕር በእጁ ያለ ሰው የጽሕፈቱን ቀን አያዘግይ። ደመወዝ በሕግ ሲጸና ጉርሻ ወደ ቀድሞ ክብሩ ይመለሳል፤ የሰጪ ደስታ፥ የተቀባይም ምስጋና ይሆናል።